ይህን ሰው ማን አመጣው? የጥንቷ ቻይና የሹመት ጥበብ

የደረሰን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «የጥንት ቻይና ነገሥታት ሰው የሚሾሙት በዘር ሳይሆን በችሎታ ነበር ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? ከሆነ ችሎታ ያለውን ከአስመሳዩ በምን ይለዩት ነበር? ችሎታ ኖሮት ጠባዩ የተበላሸውንስ ይሾሙት ነበር?»

ጠያቂያችን፣ ሦስቱን አንድ ላይ ማንሳትዎ ደስ ብሎኛል፤ በቻይናውያኑም ዘንድ ተነጣጥለው አያውቁም። አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ሰው በችሎታው ይሾም የሚለው ሐሳብ በቻይና ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሁልጊዜ ተሠርቶበታል ማለት ግን አይደለም። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። የቻይና የመንግሥት ሰዎች አንድ ነገር ቀደም ብሎ ገብቷቸዋል። ንጉሥ ሰውን ራሱ አያውቅም። የሚያውቀው ስለ ሰውየው የሚነገረውን ነው። ስለዚህ ከተሿሚው እኩል፣ አንዳንዴም ይበልጥ፣ የሚመረመረው ስለ እሱ የሚናገረው ሰው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚገባው እዚህ ውስጥ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻውን ባጭሩ ልበል። በጥንቱ የጆው ሥርወ መንግሥት ሹመት የቤተሰብ ጉዳይ ነበር። አባት የያዘውን ልጅ ይወርሳል። ይህን ልማድ ያናጋው ጦርነት ነው። አገሪቱ ወደ ብዙ መንግሥታት ተከፋፈለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ5ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፣ የቺን መንግሥት በ221 ሁሉንም ጠቅልሎ እስኪይዝ ድረስ፣ ደካማው መንግሥት ይዋጣል፣ ጠንካራው ይሰፋል። እንዲህ ባለ ዘመን የንጉሥ የአጎት ልጅ ስለሆነ ብቻ ጦር የሚመራ ሰው አገር ያስበላል። ስለዚህ ነገሥታቱ ከየትም ይምጣ የሚሠራ ሰው ማፈላለግ ያዙ። የተማረውም፣ የጦር ስልት አዋቂውም ከቤተ መንግሥት ቤተ መንግሥት እየዞረ ደጅ ይጠና ጀመር። ሞዚ የሚባለው ፈላስፋ ነገሩን በግልጽ ተናገረው፦ ሹም ለዘላለም የከበረ አይደለም፣ ተራው ሰውም እስከ መጨረሻው የተዋረደ አይደለም አለ። ገበሬም ይሁን የእጅ ባለሙያ፣ ችሎታ ካለው ይሾም ባይ ነው።

ከዚያም በፊት ቢሆን ሁሉም የሚያነሳው አንድ ታሪክ ነበር። በ685 ከክርስቶስ ልደት በፊት የቺ መንግሥት መስፍን ኋን ከወንድሙ ጋር ተሻምቶ ዙፋኑን ያዘ። በሽሚያው ጊዜ ጓን ጆንግ የሚባል ሰው ለወንድሙ ወግኖ ቀስት ወርውሮበት ነበር። ቀስቱ የቀበቶው መቆለፊያ ላይ አረፈ፣ ኋንም ተረፈ። ጓን ጆንግ ሲያዝ ኋን ሊገድለው ፈለገ። ባው ሹያ የሚባለው አማካሪው ግን፣ ዋና ሹም ለመሆን ራሱ ታጭቶ ሳለ፣ «የቺ መንግሥትን ብቻ መግዛት ከፈለጉ እኛ እንበቃለን። ከመሳፍንቱ ሁሉ በላይ መሆን ከፈለጉ ግን ያለ ጓን ጆንግ አይሆንም» አለው። ኋን የተኮሰበትን ሰው ሾመ። በእሱም ጉልበት የዘመኑ መሳፍንት አውራ ሆነ። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ሰው መስፍኑን ያደንቃል። ቻይናውያን ጸሐፊዎች ግን ከሁለቱም ይበልጥ ባው ሹያን ያመሰግኑታል። የሚበልጠውን ሰው ከራሱ በላይ እንዲሾም ያደረገ እሱ ነዋ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። ችሎታ ያለውን በምን ይለዩታል?

በ4ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በዚያው በቺ የነገሠው ንጉሥ ዌይ የገጠመውን እንይ። ሁለት የአውራጃ ገዢዎች ነበሩት። አንዱ ጂሞ የምትባለውን ከተማ፣ ሌላው አ የምትባለውን ያስተዳድራሉ። ስለ ጂሞው ገዢ ቤተ መንግሥት የሚደርሰው ክፉ ወሬ ነው፤ በየቀኑ። ስለ አው ገዢ የሚደርሰው ደግሞ ምስጋና ነው፤ እሱም በየቀኑ። ንጉሡ ዝም ብሎ ሰው ላከና አስጎበኘ። ከዚያ ሁለቱንም ጠራቸው። ለጂሞው ገዢ እንዲህ አለው፦ «ከሄድክ ጀምሮ ስትታማ ነው የምሰማው። ሰው ልኬ ሳሳይ ግን መሬቱ ታርሷል፣ ሕዝቡ ጠግቧል፣ በመሥሪያ ቤትህ የተጓተተ ጉዳይ የለም። የምትታማው ባለሟሎቼን ደጅ ስላልጠናህ ነው።» የ10,000 ቤተሰብ ግብር ሰጠው። ለአው ገዢ ደግሞ፦ «በየቀኑ ስትመሰገን እሰማለሁ። ሰው ልኬ ሳሳይ ግን መሬቱ ጦም አድሯል፣ ሕዝቡ ደህይቷል። ጠላት ጎረቤትህን ሲወጋ አልደረስክም። ምስጋናህን ከባለሟሎቼ በገንዘብ ገዝተኸዋል።» ያን ዕለት ገዢው በፈላ ውሃ ተቀቀለ። ሲያመሰግኑት የነበሩት ባለሟሎችም አብረውት ተቀቀሉ።

ቅጣቱ ዘግናኝ ነው፣ ማንም እንዲደግፈው አልጽፈውም። ዳኝነቱን ግን ልብ ይበሉ። ንጉሡ ስሕተቱን ፈልጎ ያገኘው በገዢዎቹ ላይ ብቻ አይደለም። ወሬውን በሚያመላልሰው መስመር ላይ ነው። ሐሜትም ምስጋናም በአንድ በር ነው የሚገባው፣ በሩን የያዙት ደግሞ የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው። ያንን ሳያዩ የሰውን ችሎታ መመዘን አይቻልም።

ፈላስፎቹም ይህን ጉዳይ በየራሳቸው መንገድ አንስተውታል። ኮንፊሽየስ አንድ ተማሪው በጠራራ ፀሐይ ተኝቶ ባገኘው ጊዜ «ቀድሞ የሰው ቃል ስሰማ ሥራውንም አምን ነበር። አሁን ቃሉን ሰምቼ ሥራውን አያለሁ» አለ። በሌላ ቦታ ደግሞ ብዙኃኑ የሚጠሉትንም መርምር፣ ብዙኃኑ የሚወዱትንም መርምር ይላል። ሜንሺየስ ነገሩን ለንጉሥ በደረጃ አስቀመጠው። በአጠገብህ ያሉት ሁሉ «ጎበዝ ነው» ቢሉ አይበቃም። ሹማምንቱ ሁሉ ቢሉም አይበቃም። አገሩ ሁሉ «ጎበዝ ነው» ሲል ያኔ ራስህ መርምር፤ አይተህ ካገኘኸው ሹም። ሰዎች ይህን ሲጠቅሱ አገሩ ሁሉ ያለውን ሹም የተባለ አድርገው ይወስዱታል። እሱ የሚለው ግን የአገሩም ምስክርነት ቢሆን የምርመራው መጀመሪያ ነው፣ ፍርዱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

መርምር ማለት ቀላል ነው። ምኑን ነው የምመረምረው? ለዚህ ከሰማሁት መልስ ሁሉ ልቤ የሚያርፈው በሊ ኬ መልስ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በ5ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የዌይ መንግሥት መስፍን ወን ዋና ሹም ሊመርጥ ነው። ዕጩዎቹ ሁለት ናቸው፤ ዌይ ቼንግና ጃይ ኋንግ። አማካሪውን ሊ ኬን ጠርቶ «ከሁለቱ ማን ይሻላል?» አለው። ሊ ኬ «እኔ የውጭ ሰው ነኝ፣ በቅርብ ሰዎች ጉዳይ አልገባም» ብሎ ሸሸ። መስፍኑ አልለቀው አለ። ሊ ኬም የሰው ስም ሳይጠራ አምስት ነገር ነገረው። በደህና ጊዜው ማንን እንደሚቀርብ ተመልከት። ሲበለጽግ ለማን እንደሚሰጥ ተመልከት። ሲሾም ማንን እንደሚጠቁም ተመልከት። ሲቸግረው ምን እንደማያደርግ፣ ሲደኸይ ምን እንደማይወስድ ተመልከት። ከዚያ «ይህ ይበቃዎታል፣ እኔ ምን እሠራለሁ?» አለው። መስፍኑም «በል ቤትህ ግባ፣ ሹሜን አግኝቻለሁ» አለ።

ሊ ኬ ሲወጣ በጃይ ኋንግ ቤት አለፈ። ጃይ ኋንግ ጠበቀው። «ማን ተሾመ?» «ዌይ ቼንግ ሳይሆን አይቀርም።» ጃይ ኋንግ ቱግ አለ። «እኔ በምኔ አንሳለሁ? የምዕራቡን ጠረፍ የሚጠብቀውን ጄኔራል ዉ ቺን የጠቆምኩ እኔ። «የ» ለሚባለው አውራጃ ሺመን ባውን የጠቆምኩ እኔ። ጆንግሻን የምትባለውን አገር የያዘውን ጄኔራል የጠቆምኩ እኔ። ከተያዘች በኋላ እንድትጠብቃት አንተን የጠቆምኩ እኔ!» እውነቱን ነው። እነዚህ ሰዎች ተራ ሰዎች አልነበሩም። ዉ ቺ በቻይና ታሪክ ከታወቁት የጦር መሪዎች አንዱ ነው። ሺመን ባውም በዚያው አውራጃ ባሠራቸው የመስኖ ቦዮች እስካሁን ስሙ ይነሳል።

ሊ ኬ ግን አልተበገረለትም። «እኔን ለጌታህ የጠቆምከኝ ወገን አብጅተህ ትልቅ ሹመት ልትለምንበት ነው ወይ?» ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ የተናገረው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ዌይ ቼንግ ከደመወዙ ከአሥር ዘጠኙን ለውጭ ሰው ያወጣል፣ ለቤቱ የሚያስቀረው አንዱን ነው። በዚህም ሦስት ታላላቅ ሊቃውንት ከምሥራቅ አመጣ። መስፍኑ እነዚያን ሦስቱን እንደ መምህር ነው የሚያያቸው። አንተ ያመጣሃቸውን ግን እንደ አገልጋይ ነው የሚያያቸው። ታዲያ እንዴት ትወዳደራለህ? ጃይ ኋንግ ጥቂት ወደኋላ አለ፣ ሁለቴ እጅ ነሣ፣ «አላዋቂ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሁሉ ተማሪህ ልሁን» አለ።

አምስቱን ነጥቦች ደግመው ይዩዋቸው። ስለ ዕውቀት፣ ስለ ንግግር ወይም ስለ መልክ አንድም የለም። ሁሉም ሰውየው ማንም ሳያስገድደው ያደረገውን ነው የሚጠይቁት። ሁለቱ ደግሞ ያላደረገውን ይጠይቃሉ። በእኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል፤ ሊ ኬ የሚፈልገው ያንን የማይቆጨውን ሰው ነው። ሦስተኛው ነጥብ ደግሞ ለኔ የሁሉም ቁልፍ ነው። ሰውየው ሥልጣን ሲያገኝ ማንን ይጠቁማል? ጎበዝ ሰው ከሱ የሚበልጠውን ወይም የሚተካከለውን ያመጣል። ፈሪ ሰው የሚያንሰውን ያመጣል። አንድ ሹም በዙሪያው የሰበሰባቸውን ሰዎች ማየት ሹሙን ከመጠየቅ ይሻላል።

እውነቱን ለመናገር ታሪኩ አንድ ቅሬታ ያስቀርብኛል። ዌይ ቼንግ የመስፍኑ ታናሽ ወንድም ነው! ሊ ኬ የመረጠለት መለኪያ እንዳለ ሆኖ፣ ውጤቱ ከቤተሰብ አልወጣም። ምናልባትም ትክክለኛው ሰው እሱ ነበር። ቢሆንም በዚያ ዘመን የደም ትስስር ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይህ ያሳያል።

የዝምድናን ነገር ካነሳን በጂን መንግሥት የሆነውንም ልጨምር። በ570 ከክርስቶስ ልደት በፊት ቺ ሺ የሚባል ሽማግሌ የጦር ሹም ጡረታ ጠየቀ። መስፍኑ «ማን ይተካህ?» አለው። የቺ ሺ መልስ ሸ ሁ ነበር፤ ሸ ሁ ደግሞ ባላንጣው ነው። ሸ ሁ ሊሾም ሲል ሞተ። መስፍኑ ደግሞ ጠየቀው። «ዉ ይችላል» አለ። ዉ የራሱ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ቻይናውያን ስትጠቁም ከውጭ ጠላትህን አትሽሽ፣ ከቤት ልጅህን አትሽሽ ይላሉ። በብዙ አፍ ይህ የዘመድ ሹመት መሸፈኛ ሆኖ ሲጠቀስ ሰምቻለሁ። ቅደም ተከተሉ መረሳት የለበትም። መጀመሪያ ጠላቱን ነው የጠቆመው። ልጁን ለመጥቀስ መብት የሰጠው ያ ነው።

ጥቆማ እንዲህ ከባድ ከሆነ ጠቋሚው ዋስ መሆን አለበት ማለት ነው። የቺን መንግሥት ይህን ሕግ አደረገው። የጠቆምከው ሰው ጥፋት ካጠፋ፣ የሱ ቅጣት ያንተም ቅጣት ነው። ሕጉ ማንን እንደነካ ይመልከቱ። ፋን ሱዊ የቺን ዋና ሹም ነበር። ከዓመታት በፊት በትውልድ አገሩ ሊሞት ሲል ጀንግ አንፒንግ የሚባል ሰው አድኖታል። ሲሾም ጀንግ አንፒንግን ጠቆመና ጄኔራል አስደረገው። ውለታ መመለሱ ነው። ጀንግ አንፒንግ ግን ጦር ሜዳ ላይ ተከበበና ከ20,000 ሰው ጋር ለጠላት እጁን ሰጠ። በሕጉ ፋን ሱዊም መጥፋት ነበረበት። ንጉሡ ስለወደደው «የጀንግ አንፒንግን ነገር ያነሳ ሰው እንደሱ ይቀጣል» ብሎ አዋጅ አስነገረ። ብዙም ሳይቆይ ሌላው ፋን ሱዊ የጠቆመው ባለውለታው ዋንግ ጂ ከጠላት ጋር ተመሳጥሮ ተገኘና ተገደለ። ፋን ሱዊ ራሱ ሹመቱን አስረክቦ ወጣ። ጎበዝ ሰው ነበር፤ የቺን የውጭ ፖሊሲ ከሱ ጋር የተሳሰረ ነው። የጣለው ውለታን ከችሎታ ጋር ማደባለቁ ነው።

ሌላው መንገድ ሰውየውን በሥራ ማየት ነው። በቺን ንጉሥ ዘንድ በ233 ከክርስቶስ ልደት በፊት በእስር የሞተው ፈላስፋ ሃን ፌይ ይህን አጥብቆ ይዟል። ዋና ሹም ከአውራጃ ሥራ ተነስቶ ይምጣ፣ ጄኔራልም ከወታደሩ መሐል ይውጣ ይላል። ከላይ የሚወርድ ሰው አይፈልግም። ከታች እየሠራ የታየ ሰው ነው የሚፈልገው። ሰውየው «ይህን እሠራለሁ» ይላል፣ ሥራው ይሰጠዋል፣ በመጨረሻ የተናገረውና የሠራው ጎን ለጎን ይታያል።

ይህ ሳይደረግ ሲቀር ምን እንደሚመጣ የቻንግፒንግ ጦርነት አሳይቷል። በ260 ከክርስቶስ ልደት በፊት የጃው መንግሥት ከቺን ጋር ተፋጧል። የጃው ጦር መሪ ልምድ ያለው ሊየን ፖ ነበር፤ ምሽግ ይዞ አልወጣም አለ። የቺን ሰላዮች «ቺን የሚፈራው ጃው ኩዎን ብቻ ነው» የሚል ወሬ ነዙ። ጃው ኩዎ የታዋቂው ጄኔራል የጃው ሸ ልጅ ነው። የጦር መጻሕፍትን በቃሉ የሚወጣ፣ በክርክር አባቱን እንኳ የሚረታ ወጣት ነበር። አባቱ ግን አላደነቀውም። «ጦርነት የሞት ቦታ ነው፤ ይህ ልጅ አቅልሎ ያወራዋል» ይል ነበር። ንጉሡ ወሬውን አምኖ ሾመው።

እናቱ ለንጉሡ ደብዳቤ ጻፈች። ልጄን አትሹመው አለች። ንጉሡ ምክንያቱን ጠየቃት። መልሷን ባነበብኩ ቁጥር ሊ ኬ የተናገረ ይመስለኛል። «አባቱ ጄኔራል በነበረ ጊዜ በእጁ የሚያበላቸው ብዙ ነበሩ፤ ወዳጆቹ በመቶ ይቆጠራሉ። ከንጉሥ የሚሰጠውን ሁሉ ለመኮንኖቹና ለወታደሮቹ ያከፋፍላል። ትእዛዝ ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ የቤቱን ጉዳይ አይጠይቅም። ልጄ ግን ትናንት ተሾመ፣ ዛሬ ከፍ ብሎ ተቀምጦ መኮንኖቹ ቀና ብለው ሊያዩት አይደፍሩም። የሰጡትን ወርቅና ሐር ቤቱ ወስዶ አኖረው። በየቀኑ የሚገዛ መሬትና ቤት ይፈልጋል።» ንጉሡ «ተይው፣ ወስኛለሁ» አላት። «እንግዲያውስ ቢሸነፍ እኔ አብሬ እንዳልቀጣ ቃል ይግቡልኝ» አለች። ገባላት። ጃው ኩዎ ከምሽጉ ወጥቶ ገጠመ፣ ተከበበ፣ በቀስት ተመትቶ ሞተ። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ያለቀውን ሰው ከ400,000 በላይ ያደርገዋል። ቁጥሩ ተጋኗል የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ጥፋቱ ግን ጃውን ዳግም እንዳታንሰራራ አደረጋት። እናቲቱ በቃል ኪዳኗ ተረፈች።

ይህች ሴት ስለ ጦር ስልት አንድ ቃል አልተናገረችም። የሰጡትን ምን እንዳደረገበት ነው የተናገረችው። ስለ ሰው በመመስከር በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ትልቃለች። እሷ ግን ልትሾምም ሆነ ሹም ልትመርጥ የምትችልበት አንድም በር አልነበረም። «ማንም ይሁን፣ ችሎታ ካለው» የሚለው የቻይና አባባል ከሕዝቡ ግማሹን ከመጀመሪያው የተወ ነው። ይህን ሳይናገሩ ሥርዓቱን ማወደስ ተገቢ አይመስለኝም።

የሃን ፌይን ጥብቅነት በተመለከተ አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። በጦርነቱ ዘመን ከነበሩት መንግሥታት የአንዱ፣ የሃን መስፍን የነበረው ጃው ሰክሮ ሲተኛ ቆብ ጠባቂው እንዳይበርደው ልብስ ደረበለት። መስፍኑ ሲነቃ ልብስ ጠባቂውን ሥራውን ስላልሠራ፣ ቆብ ጠባቂውን ከሥራው ስላለፈ፣ ሁለቱንም ቀጣ። ሃን ፌይ ይህን እንደ ጥሩ ምሳሌ ነው የሚያቀርበው። ብርዱ ከባድ ነው፣ ከሥራ ድንበር ማለፍ ግን ይብሳል ይላል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ግን ማንም ከታዘዘው በላይ አይሠራም። ባው ሹያን የመሰለ ሰው እዚያ ቤት አይበቅልም።

ሦስተኛው ጥያቄዎ ጠባይ የሌለው ባለችሎታ ነው። ቻይናውያን በዚህ ተስማምተው አያውቁም። ሊዩ ባንግ የሃንን ሥርወ መንግሥት ለመመሥረት ሲዋጋ ቼን ፒንግ የሚባል አማካሪ ቀጠረ። ባለሟሎቹ «ከወንድሙ ሚስት ጋር ተኝቷል፣ ከጄኔራሎቹም ጉቦ ይበላል» ብለው ከሰሱት። ሊዩ ባንግ ጠቋሚውን ጠርቶ ወቀሰው። ጠቋሚው «እኔ ስለ ችሎታው ነገርኩዎት፣ እርስዎ ስለ ጠባዩ ይጠይቁኛል። ለድል የማይረዳ ጨዋ ሰው አሁን ምን ይሠራልዎታል?» አለ። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ210 ዓ.ም.፣ የጦር አዛዡ ጻው ጻው ይህንኑ አዋጅ አድርጎ አወጣው። ንጹሕ ሰው ብቻ ይሾም ከተባለ መስፍን ኋን እንዴት የመሳፍንት አውራ ይሆን ነበር? እንደ ቼን ፒንግ ያለ፣ ግን ጠቋሚ ያጣ ሰው ዛሬም አይጠፋም፤ ችሎታን ብቻ እያያችሁ አምጡልኝ አለ።

በተቃራኒው የቆመው በ11ኛው መቶ ዓመት የኖረው ታሪክ ጸሐፊ ሲማ ጓንግ ነው። ችሎታ የምግባር መሣሪያ ነው፣ ምግባር የችሎታ አለቃ ነው ይላል። ሁለቱም ያለው ሰው ካልተገኘ፣ ችሎታ ካለው ክፉ ሰው ይልቅ ሞኙ ይሻላል እስከ ማለት ይደርሳል። ሞኝ ክፉ ሊሠራ ቢፈልግ እንኳ አቅሙ አይችልም። ክፉ ጎበዝ ግን ለማሰብም ለማድረግም ብልሃቱ አለው።

እኔ የምወግነው ከሁለቱ ይልቅ ለዌይ ጀንግ ነው። እሱም በታንግ ሥርወ መንግሥት የንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ አማካሪ ነበር። ቀድሞ የታይዞንግን ወንድምና ተቀናቃኝ ያገለግል የነበረ ሰው ነው፤ ታይዞንግ ወንድሙን ገድሎ ሲነግሥ እሱን ግን ሾመው። በ632 ስለ ሹመት ሲነጋገሩ ዌይ ጀንግ እንዲህ አለ፦ በጦርነትና በትርምስ ጊዜ ሰው የሚፈለገው ለችሎታው ነው፣ ጠባዩን ማንም አይጠይቅም። ሰላም ሲሆን ግን ሁለቱም ካልተገኙ መሾም የለበትም። ጨዋ ሰው ተሹሞ ቢያቅተው ጉዳቱ ከአቅም ማነስ አያልፍም፤ ጎበዝ ክፉ ሰው ግን ብዙ ያጠፋል። የጻው ጻው አዋጅ የወጣው አገር ስትታመስ ነው። ሲማ ጓንግ የጻፈው አገር በተረጋጋች ጊዜ ነው። ዌይ ጀንግ ሁለቱንም ዘመን በሕይወቱ አይቷል።

ታይዞንግን ካነሳሁ ሁለት ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። ፌንግ ዲዪ የሚባለውን ሹም ባለችሎታ ጠቁም ብሎት ጊዜው ሄደ፣ አንድም ስም አልመጣም። ቢጠይቀው «እየፈለግሁ ነው፣ ግን በዘመናችን ልዩ ሰው የለም» አለ። ታይዞንግ ተቆጣ። ሰው ልክ እንደ ዕቃ ነው፣ እያንዳንዱን ለሚሆነው ነገር ትጠቀምበታለህ አለ። ድሮ አገር ያቀኑት ከሌላ ዘመን ሰው ተበድረው ነው ወይ? አንተ ማወቅ አቅቶህ ትውልዱን ሁሉ አትስደብ። ሁለተኛው፣ የአውራጃ ገዢዎቹን ስም በመኝታ ቤቱ መከለያ ላይ ጽፎ ሲቀመጥም ሲተኛም ያየው ነበር። አንዱ ገዢ መልካም ወይም ክፉ መሥራቱ ሲሰማ ከስሙ ሥር ይጻፋል። ሲሾምም ሲሽርም የሚያየው ያንን ነው። እዚያ መከለያ ላይ የተጻፈ ነገር ባለሟል በአንድ ምሽት ወሬ አያጠፋውም።

ይህ ሁሉ ግን አንድ ብርቱ ንጉሥ ሲኖር ነው። ንጉሡ ደካማ ቢሆንስ? ለዚህ ሥርዓት ያስፈልጋል። የሃን መንግሥት በ134 ከክርስቶስ ልደት በፊት እያንዳንዱ አውራጃ ወላጁን የሚያከብርና እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው እየመረጠ ይላክ አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ጥቆማው በአካባቢው ባላባቶች እጅ ገባ። በመጨረሻው ዘመን ሕዝቡ ግጥም ገጠመበት፦ ምሁር ብለው የላኩት ማንበብ አይችልም፣ ወላጁን አክባሪ ያሉት ከአባቱ ተለያይቶ ይኖራል። በ220 ዓ.ም. ሰዎችን በዘጠኝ ደረጃ የሚመድብ አሠራር መጣ። እሱም ብዙም ሳይቆይ የትልልቅ ቤተሰቦች ሆነ። በላይኛው ደረጃ የድሃ ቤት ልጅ የለም፣ በታችኛው የባላባት ልጅ የለም ተባለ።

የጽሑፍ ፈተናው የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው፤ በስዊ ሥርወ መንግሥት ተጀመረ፣ በታንግ አደገ፣ በሶንግ ዘመን (960–1279) ዋናው በር ሆነ። የሶንግ ሰዎች ሁለት ነገር አደረጉ። በመልስ ወረቀቱ ላይ ያለውን የተፈታኝ ስም ሸፈኑ። ያም አልበቃ ሲል፣ አራሚው የእጅ ጽሑፉን እንዳያውቅ ወረቀቱን ሁሉ በጸሐፊዎች እንደገና አስገለበጡ። አራሚው የሚያየው ጽሑፍ የማንም ሰው እጅ ያልነካው ይመስል ነበር። በየቤተ መንግሥቱ የነበረውን የምስጋና ገበያ ለመዝጋት ከዚህ የተሻለ ብልሃት በዚያ ዘመን አላውቅም። የድሃ ልጅም በሩን አገኘ፣ መጽሐፍ የሚገዛና ለዓመታት ሳይሠራ የሚያጠና ቤተሰብ ካለው ማለቴ ነው።

ስም የተሸፈነበት ወረቀት ግን ጃው ኩዎንም ያሳልፋል። መጽሐፍ በቃሉ የሚወጣ፣ በክርክር የማይረታ ልጅ በዚያ ፈተና አንደኛ ሊወጣ ይችላል። ሲሰጡት ምን እንደሚያደርግ፣ ሲቸግረው ምን እንደማይወስድ ወረቀቱ አይናገርም። ሶንጎች ይህን ያወቁ ይመስላል። ፈተናውን ያለፈ ሰው ሥራ ይገባል፣ ነገር ግን ከዝቅተኛው እርከን ወደ ከፍተኛው ለመሻገር ሥራውን ያዩ አለቆች በስማቸው መጠቆም ነበረባቸው። አንድ ጠቋሚ ብቻ አይበቃም። የጠቆሙት ሰው በኋላ ቢያጠፋም እነሱ አብረው ይጠየቃሉ። የቺን ሕግ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ቅጣቱ ለዝቦ፣ በመዝገብ ቤት በኩል ተመለሰ።